እትዬ አስካለና የእንጨት-ብረቱ ጉድ

የእትዬ አስካለ ልጅ ማህሌት የደወለችልኝ ዳውንታውን ካለው ካዚኖ የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ የሴኩሪቲ ጃኬቴን አውልቄ መኪናዬ ውስጥ ልገባ ስል ነው። «ሰለሞን፣ እማዬ…» አለችኝ። እትዬ አስካለ ምሳቸውን በልተው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ በዚያው አርፈዋል።

በማግስቱ እነዚያ የሮለር ኮስተር፣ የዚያ በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወር የመዝናኛ ባቡር፣ አፍቃሪዎች ሰምተዋል። የሮለር ኮስተር ክለባቸው ገጽ ላይ የእትዬ አስካለን ፎቶ ለጥፈዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ የተነሱትን ነው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»፣ «እንወድሻለን ማማ ኮስተር» የሚሉ ጥቂት ቃላት አሉ። ቀጥሎ አንዱ ጠየቀ፤ «ለመሆኑ መጨረሻ የተሳፈሩበት ከእንጨት ነው የሚቆጠረው ከብረት?» በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል የጻፈ የለም። ስለ ሐዲድ፣ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ጣውላ ነው የሚሰዳደቡት። አንዱ ሌላውን መሃይም ይለዋል፣ ያኛው ደግሞ በእናቱ ይሰድበዋል። ከስድቡ ሁሉ በላይ የእትዬ አስካለ ፊት አለ። ገና አልተቀበሩም።

እኔ በትንሹም በትልቁም የሚቀፈኝ ሰው ነኝ። የሰው ማበጠሪያ ላይ ፀጉር ካየሁ ምሳ አልበላም። የዚያን ዕለቱ ግን ሌላ ነበር፤ ስልኩን በእጄ መያዙ ራሱ ቀፈፈኝ። እነሱ የለጠፏት «ማማ ኮስተር» እኔ የማውቃቸውን ሴትዮ ስለማትመስል፣ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ከማህሌት ጋር ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጎረቤታሞች ነን። ቤቶቹ ሁሉ አዲስ፣ ሁሉም አሸዋ የመሰሉ፣ ቁጥራቸው ካልታየ የማይለዩ ናቸው። እሷ ካዚኖ ውስጥ ዲለር ናት፤ ካርታ ታድላለች። እናቷን ያስመጣቻቸው ልጇን ኤደንን እንዲይዙላት ነበር። ኤደን ትምህርት ቤት ስትገባ እትዬ አስካለ ከኤርኮንዲሽኑ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ነው። አጭር፣ ሰፋ ያሉ፣ ሁለት እግራቸውን ከፈት አድርገው የሚቆሙ ሴት ነበሩ፤ ወለሉ አሁን የሚነቃነቅባቸው ይመስል። «ቆሜ ነው ያረጀሁት። ከሥሬ የሚሄድ ነገር ከሌለ እግሬ ይደነዝዛል» ይሉ ነበር። ሱፐርማርኬት ሰልፍ ውስጥ ፈረንጆቹን «ጠጋ ጠጋ በሉ! መሀሉ ባዶ ነው!» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚገርመው፣ ፈረንጆቹ ይጠጉ ነበር።

አንድ የእረፍት ቀኔ ላይ ከተማውን አሳየኝ አሉኝና ስትሪፑ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች የተደረደሩበት ጎዳና ላይ ወሰድኳቸው። አንድ ሆቴል አጠገብ ስናልፍ ከላይ ጩኸት ሰሙ።

«ምን ሆነው ነው? እሳት ተነሣ?»

«አይ እትዬ፣ ሮለር ኮስተር ነው። ለመዝናናት ነው የሚጮኹት።»

ቀና ብለው ሽቅብ የሚሳበውን፣ ቁልቁል የሚወረወረውን ነገር ለረጅም ጊዜ አዩት። «ትኬቱ የት ነው የሚቆረጠው?» አሉ።

እኔ አልሳፈርም አልኩ። እሳቸው ወረፋው ሲደርሳቸው ዞር ብለው የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠቀለሉት፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ሙቀቱና እርጥበቱ በጨርቁ አልፎ ተሰማኝ።  ሲመለሱ ሻሻቸው አንገታቸው ላይ ወርዷል፣ ፀጉራቸው ቆሟል፣ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። «ሰለሞን፣ የት እንዳሉ የማላውቃቸው አጥንቶች ሁሉ አቤት አሉኝ!»

ወረፋው ውስጥ ናቲ ነበር። እዚሁ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ የሚያንጠለጥል ጎረምሳ ነው። ሁሉንም ሰው አንቺ እና አንተ ይላል፤ የሚያውቀው እሱን ነው።

«እማማ፣ ዩ አር አሜዚንግ! ድጋሚ ትሄጃለሽ? እኔ ሬኮርድ አደርጋለሁ፣ ኦኬ?»

ቪዲዮው ብዙ ሰው ጋ ደረሰ። ከዚያ ናቲ የሮለር ኮስተር አፍቃሪዎች ክለብ እንዳለ ነገራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አርትስ ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ ባር የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ። የምነዳው እኔ ስለሆንኩ እኔም ሳልወድ አባል ሆንኩ።

የሚከራከሩበት ነገር አንድ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ኮስተሮች ምሰሶና ማገራቸው እንጨት ነው፤ ሐዲዳቸውም ተደራርቦ የተመታ ጣውላ ሆኖ ከላዩ ስስ ብረት ይለብሳል። የአሁኖቹ ከላይ እስከታች ብረት ናቸው። ችግሩ የመጣው የእንጨቱን ምሰሶ እንዳለ ትተው ሐዲዱን ብቻ በብረት መቀየር ሲጀመር ነው። እና ይኼ ምን ተብሎ ይጠራ? ክሬግ የሚባለው ራሰ በራ ሰውዬ «ሐዲዱ ነው የሚወስነው፣ ስለዚህ ብረት ነው» ይላል። ናቲና ጓደኞቹ «ሰው ሲያየው እንጨት ነው፣ ድምፁ እንጨት ነው፣ ስለዚህ እንጨት ነው» ይላሉ። ሦስተኛ ስም ይሰጠው የሚሉም ነበሩ፤ እነሱን ሁለቱም ወገን ይጠላቸዋል።

ይኼን ስጽፈው የሚያስቅ ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ግን አያስቅም። ክሬግ የዶሮ ክንፍ እየጋጠ ነው የሚናገረው፤ ወጡ የተጣበቀበትን ጣት ሰው ፊት ላይ ይቀስራል፣ የስልክ ስክሪን ላይ ያሻል፣ ከዚያ ይልሰዋል። አንዱ ሲቃወመው ከአፉ የሚረጨው ነገር ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። የጎለመሱ ሰዎች ናቸው። ሚስት ያላቸው፣ ልጅ ያላቸው። በአንድ ጣውላ ምክንያት ለዓመታት የተኳረፉ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ግን ደስ ይላቸው ነበር፤ ይኼን መደበቅ አልፈልግም። መሀል ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ናቲ ያስተረጉማል፣ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቋቸዋል። «እንጨቱ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ነው፣ ያነጋግርሃል። ብረቱ ግን እንደ ሊፍት ነው፤ ሳትተዋወቁ ያደርስሃል» ሲሏቸው ያጨበጭባሉ። እሳቸውም ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ጭብጨባ ይወዱ ነበር። ሌላው ቀርቶ ከካሜራ ፊት የሚቆሙበትን ጎን መርጠዋል። ይኼም ትንሽ ያስጠላኝ ነበር።

እንዲህ እያለ ሐኪም የልብ ምታቸው እንደሚዛባ ነገራቸውና ኮስተር ተከለከሉ። ክለቡ ደግሞ በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ ላለ አንድ ፓርክ ጉዞ ያዘጋጅ ነበር። እዚያ የእንጨት ምሰሶና የብረት ሐዲድ ያለው፣ እነሱ የሚጣሉበት ዓይነት ኮስተር አለ። ማህሌት ወጥ ቤት ውስጥ እናቷን ስትቆጣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ሐኪሙ ያለሽን ሰምተሻል፣ እማዬ!»

«ሰምቻለሁ። ልብሽ ይዘላል አለኝ። ድሮም ይዘላል አልኩት።»

«ቀልድ አይደለም!»

«መች ቀለድኩ። ማህሌት፣ አንቺ ትወጫለሽ፣ ኤደን ትወጣለች፣ እኔ ከፍሪጁ ጋር እቀራለሁ። ፍሪጁ እንኳ አልፎ አልፎ ድምፅ ያሰማል። እኔን ማን ሰምቶኝ ያውቃል? እነዚያ ልጆች ምን ተሰማሽ ብለው ይጠይቁኛል። አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

 ማህሌት ዩኒፎርሟን ለብሳ ለሺፍቷ ልትወጣ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «አብረሃት ትሄዳለህ። አንድ ጊዜ ብቻ ትሳፈር። አንድ ጊዜ!»

ከበረሃው ማዶ ስንደርስ፣ ፓርኩ ገና ሳይታይ ናቲ መነጽር አወጣ። ጥቁር ነው፤ ከውስጡ ፕላስተር ተለጥፎበት ከኋላ በላስቲክ ይታሰራል። የክለቡ አዲስ ሐሳብ ነው አለኝ። እትዬ አስካለ ሳያዩ ይሳፈሩና እንጨት ይሁን ብረት በሰውነታቸው ይለያሉ፤ ክርክሩ ያን ቀን ያበቃል።

«እሳቸው ናቸው የሚለዩላችሁ?» አልኩት።

«ማማ ኒውትራል ነሽ፣ ራይት? የማንም ሳይድ አይደለሽም።»

«እሺ በለው ሰለሞን» አሉ እትዬ አስካለ፣ መነጽሩን ለማጥለቅ ሻሻቸውን እየፈቱ። «ጨዋታ ነው።»

ከመኪናው እስከ መሳፈሪያው እጃቸውን ይዘው መሯቸው። የፓርኩ ሠራተኞች ዓይነ ስውር መስለዋቸው ያለ ወረፋ አሳለፏቸው፤ ክለቡም አብሮ አለፈ። ወረፋው ውስጥ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙ ሰዎች በሐዘኔታ መንገድ ሲለቁ አየሁ። ክሬግ ይኼን አይቶ ሳቀ። «ሁልጊዜ ይዘናቸው መምጣት አለብን» አለ። ካሜራ የያዘው ሌላ የክለቡ ልጅም ሳቀ። 

እንደ ልማዳቸው ጥርሳቸውን ሰጥተውኝ ገቡ። ሲወርዱ ናቲ ማይክሮፎኑን አፋቸው ላይ ደቀነ። «እንጨት» አሉ። ናቲ እየዘለለ ጮኸ። ክሬግ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጡ አይቆጠርም፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ከኋላ ነው አለ። ይደገም ተባለ። በሩ ላይ ቆሜ አይደገምም አልኩ። ክሬግ የልጁን ካሜራ እኔ ላይ አዞረው።

«እትዬ፣ ማህሌት ምን አለች? አንድ ጊዜ አላለችም?»

«ደህና ነኝ። ልቀቀኝ፣ ሕፃን አይደለሁም» አሉኝ። ያለ ጥርስ የሚናገሩት ቃል ልፍስፍስ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ መነጽሩ ፊታቸውን ግማሽ ውጦታል። የት እንዳለሁ ስለማያዩ ይናገሩ የነበረው ከጎኔ ላለው የብረት አጥር ነበር።

ሁለተኛውን ሲወርዱ «ብረት» አሉ።

እንዲያ ያለ ሁካታ ዓይቼ አላውቅም። አሸናፊው እንዲለይ ሦስተኛ ይደገም ይላል አንዱ፤ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚቆጠረው ይላል ክሬግ፤ ናቲ ደግሞ የመጀመሪያው ስሜት ነው እውነተኛው ይላል። እትዬ አስካለን መውጫው ላይ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ቆዳቸው አመድ መስሏል። ወደ ፊት ጎንበስ አሉና አስመለሳቸው። ቀሚሳቸው ላይ፣ ጫማቸው ላይ፣ አግዳሚው ላይ። መነጽሩን ሊያወልቁ እጃቸውን ሲያነሡ ክሬግ የእጃቸውን አንጓ ያዘው። ካወለቁ ያዩታል፣ ሦስተኛው ዙር ይበላሻል አለ። ይኼን ያለው በጨዋ ድምፅ ነው።

ስለዚህ እትዬ አስካለ ዓይናቸው እንደተሸፈነ፣ ጭናቸው ላይ ትውከት ይዘው፣ ነፃ በሆነው እጃቸው አየሩን እየዳሰሱ ሰው ይፈልጋሉ። ከራሳቸው በላይ ሁለት ወንዶች ስለ ሐዲድ ይጯጯኻሉ። ሦስተኛው ይቀርፃል።

ክሬግን ገፍትሬ መነጽሩን በጠስኩት። እትዬ አስካለ ብርሃኑ አጭበረበራቸው። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥለው ቀሚሳቸውን።

«ማማ፣ ላስት ኩዌስቸን» አለ ናቲ። እውነቴን ነው፤ በዚያች ሰዓት ጠየቃቸው። «እንጨት ነው ብረት?»

«ጥርሴን ስጠኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ጠርገው፣ ጥርሳቸውን አስገብተው፣ እስኪገጥም ነክሰው ተጫኑት። ከዚያ አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ከእናንተ ውስጥ ውሃ ያመጣልኝ ሰው አለ?» አሉ።

ናቲ ተረጎመው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዷ ልጅ ቦርሳዋን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ውሃውን እኔ ሄጄ አመጣሁ። የጠራኋት የፓርኩ ነርስ የልብ ምታቸውን ስታዳምጥ ፊቷ ተለዋወጠ፤ አምቡላንስ ጠርታ ሆስፒታል ላከቻቸው። ማህሌት ሥራዋን ጥላ በበረሃው እየነዳች መጣች። እኔን አልተናገረችኝም። እናቷን ግን እጃቸውን ይዛ «ምን ተሰማሽ?» ስትል በመጋረጃው በኩል ሰምቻለሁ።

ቤት ከገቡ በኋላ ቪዲዮው ወጣ። አግዳሚው፣ ትውከቱ፣ መነጽሩ፣ ድድ ሁሉ አለበት። የኤደን ክፍል ልጆች አይተውት በትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ ጎንበስ ብለው እንዳስመለሰው ሰው ያስመስሉ ነበር። ኤደን አልቅሳ መጣች። እትዬ አስካለ በማህሌት ስልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩት፣ ፊታቸውን አላዞሩም። ቅዳሜ ሲደርስ ውሰደኝ አሉኝ።

የባሩ የኋላ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ አግዳሚ ላይ እንደነበሩት ሳይሆን እንደ ትኬት ቆራጭ ቆመው፣ ናቲን አዘዙት። «ይኼን ተርጉም። ያ ትውከት የእኔ ነው። መልሱልኝ በላቸው።»

ናቲ ሲተረጉም ጥቂቶች ሳቁ። ክሬግ ግን አልሳቀም፤ ቪዲዮው ማስረጃ ነው አለ። «ብረት» ያሉበት ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ አይጠፋም። ሌላው ፊታቸውን እንሸፍነው አለ። ሌላዋ ደግሞ ካስመለሳቸው በኋላ ያለውን ቆርጠን እናውጣ አለች። አንዱ ተነሥቶ «ብረት» ያሉት ከመታመማቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው መጣራት አለበት አለ። በዚህ ተያያዙት። ሴትዮዋ እዚያው ቆመው እያሉ፣ ሰዎቹ በእሳቸው ትውከት ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። ናቲ ጫማውን ያያል። የሆቴል ሽንት ቤት ውስጥ የወደቀ ሰካራም አንስቻለሁ፣ ደም ያለበት ወለል ላይ ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ክፍል የቆሸሸ ቦታ ግን አላየሁም።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አሉ እትዬ አስካለ። መንገድ ለቀቁላቸውና ወጡ።

መኪናው ውስጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «በዚያ ሆቴል በኩል አሳልፈኝ» አሉ። ከሥሩ አቆምኩና መስኮቱን አወረዱት። ከላይ ጩኸቱ መጣ።

«አሁንም ይወዱታል?» አልኳቸው።

«እሱ ምን አደረገኝ? የጠላሁት ሰዎቹን ነው።» ሌላ ዙር እስኪያልፍ አዳመጡ። «የሚጮኹትን ስማቸው። አንዳቸውም ከምን እንደተሠራ አልጠየቁም።»

ናቲ በኋላ ከራሱ ገጽ ላይ አጠፋው። ክሬግ ግን ቅጂ ስለነበረው የክለቡ ገጽ ላይ ቀረ። እትዬ አስካለ ዳግመኛ አልተሳፈሩም፤ ሐኪሙ አልፈቀደም። የእረፍት ቀኔ ሲሆን ሆቴሉ አጠገብ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ጣሪያ ላይ እንወጣና ኮስተሩን እናይ ነበር። ማህሌትም ሺፍቷ ሲመች ትመጣ ጀመር። እናቷ ለሚጮኸው ሰው ሁሉ ስም እያወጡ ያስቋት ነበር፤ ያቺ የቤት ኪራይ የጨመሩባት ናት፣ ያኛው አማቹ የመጣችበት ነው። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ያሳቀኝ የእነሱ ሳቅ ይመስለኛል። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ማህሌት ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ናቲ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ አበባ ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ሰው ሆኖ መጣ ብዬ ቦታ ልሰጠው ተነሣሁ። ማህሌት በሩ ላይ አስቆመችው።

«ቪዲዮው አሁንም አለ?»

«ክሬግ ጋ ነው ያለው። እኔ ዲሊት አድርጌአለሁ። አይ ስዌር።»

«ደውልለት። ሲያጠፋው ትገባለህ።»

አበባውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደና ደወለ። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ በተከፈተው መስኮት ይሰማኛል። መጀመሪያ በቀስታ ነበር የሚያወራው፤ እባክህ፣ እናቷ ሞታባታለች፣ ዛሬ እንኳ ይላል። ክሬግ ምን እንደመለሰለት አልሰማሁም። ቆይቶ የናቲ ድምፅ ከፍ አለ። ቪዲዮውንም ሞቱንም ረሳና ወደ ክርክሩ ገባ። በእንግሊዝኛ ስለ ሐዲድ ነው፣ ስለ ምሰሶ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ለምን እንደሚቆጠር ነው። አንድ እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁ እየተሰበረ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ከጎኔ የተቀመጡ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምስኪን! አንጀቱ እኮ ተቃጠለ። ልጃቸው ነው? ምን እያለ ነው የሚያለቅሰው?»

ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

«አያለቅስም፣ እማማ» አልኳቸው።